ዘጠነኛው ሐረግ ላይ ያለችው ዕረፍት

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ በሙዚቃ ትምህርት ቤቱ የፈተና አዳራሽ ውስጥ፣ የማሲንቆ መምህሩ አንዳርጌ ሕልም አየ። ሕልም የሌሊት ነው፣ የቀኑ ቅዠት ነው የሚል ካለ መብቱ ነው። አንዳርጌ ራሱም እንደዚያ ይል ነበር። ግን ያን ቀን የበላው ሽሮ ቅቤ በዝቶበታል፣ አዳራሹ በቆርቆሮ ጣሪያው ሥር ግሏል፣ አብረውት የሚፈትኑት የክራር መምህርቷ የሺመቤትና ውጤት መዝጋቢው አቶ ሙሉሰውም ገና ከምሳ አልተመለሱም። ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም ይባል የለ፣ አገጩን ደረቱ ላይ ጣል አድርጎ እንቅልፍ ይዞት ጭልጥ አለ።

ዓይኑ እስኪከደን ድረስ ሲያስብ የነበረው ስለ ትርንጎ ነው።

ትርንጎ የመጨረሻ ዓመት ተማሪው ናት። አባቷ በገበያና በሠርግ ቤት እየዞሩ የሚጫወቱ አዝማሪ ስለሆኑ፣ ማሲንቆን የተማረችው ፊደል ከመቁጠሯ በፊት ነው። ለመመረቂያ ግን «የቆላው መንገድ» የሚባለውን የባቲ ቅኝት ዜማ አንዳርጌ በጻፈው መማሪያ መጽሐፍ መሠረት መጫወት አለባት። ዜማው ገጽ አርባ አንድ ላይ ይገኛል። ዘጠነኛው ሐረግ ላይ ሲደረስ ሁለት ምት ዕረፍት አለው፤ ደጋኑ ይቆማል፣ ዝም ይባላል፣ ከዚያ ይቀጠላል። አንዳርጌ በሃያ ስምንት ዓመት የማስተማር ዘመኑ እንደዚያች ዕረፍት የወደደው ነገር የለም። «ሙዚቀኛና ገዝጋዥ የሚለዩት እዚህ ጋ ነው» ይላል። ትርንጎ ደግሞ አታርፍም። ሁለት ጊዜ ተፈትና ሁለቱንም ጊዜ ዘጠነኛውን ሐረግ ሳትቆም ጥላው ነጎደች፤ አንዳርጌም ሁለቱንም ጊዜ ጣላት።

«አባቴ እኮ እዚህ ጋ አያርፉም፣ መምህር» ብላው ነበር ባለፈው።

«አባትሽ ዲፕሎማ አላቸው?» አላት።

ከዚያ ወዲህ ስለዚያች ዕረፍት ተንፍሳ አታውቅም። በትምህርት ቤቱ ደንብ ሦስት ጊዜ የወደቀ ይሰናበታል፤ የትናንቱ ፈተና ሦስተኛዋ ነበር። አንዳርጌም እንቅልፍ ሳይወስደው በልቡ ጥሏት ጨርሶ ነበር።

በሕልሙ ራሱን የትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘው። ዘበኛው ብድግ ብሎ ጥቁር የምረቃ ካባ አለበሰውና ዲፕሎማ ሰጠው።

«እንኳን ደስ አለህ! በማዕረግ ተመርቀሃል።»

«አሁን መምጣቴ ነው እኮ» አለ አንዳርጌ።

«ለዚያ ነዋ! ለሚሄድ ሰው ዲፕሎማ ምን ይሠራለታል? መጀመሪያ ትመረቃለህ። ከዚያ ትፈተናለህ። ከዚያ ትማራለህ። በአራተኛው ዓመት ምንም አለማወቅህ ሲረጋገጥ ትመዘገባለህ።»

«ተመዝግቤስ?»

«በዚሁ በር ትወጣለህ። ያኔ መስማት ትጀምራለህ።»

ዘበኛው የአንዳርጌን ኪስ ፈተሸና የማሲንቆ መማሪያውን አገኘ። ገጽ አርባ አንድን ገልጦ በጣቱ ዳሰሰው፤ ጣቱ ደማ። «ስለት ይዞ መግባት ክልክል ነው» ብሎ መጽሐፉን ከሁለት ቢላዋና ከአንድ ምላጭ ጋር ቅርጫት ውስጥ ጣለው።

ሕንፃው የሚያውቀው ሕንፃ አልነበረም። ግንበኞቹ ከጣሪያ ጀምረው ወደ ታች እየሠሩት ነው። ጣሪያው አየር ላይ ቆሞ ግድግዳው እስኪደርስለት ይጠብቃል። ሥራውን የምትመራው አንዲት ወፍራም ሸረሪት ናት፤ በስምንት እግሯ ስምንት ክር ይዛ አንዱን እየነካች ታዳምጣለች፣ ካልጣማት ግንበኛውን ታስፈርሰዋለች።

«መሠረቱስ የት አለ?» አላት።

ወደ ሰማይ አሳየችው። መሠረቱ ከጣሪያው በላይ ነበር፤ ጥቁር ድንጋዩ ፀሐይ እየሞቀ ነው።

«ታች ቀብረነው ነበር፣ ሰው ረሳው» አለች ሸረሪቷ። «እናንተ የቆማችሁበትን ነገር የምታስታውሱት ሲናድ ነው። አሁን ሁሉ አንጋጦ ያየዋል።»

«ቢወድቅስ?»

«መሠረት አይደል? ቢወድቅ መሬት ላይ ነው። ቦታው ነው።»

አንዳርጌ ትቷት ደረጃውን መውጣት ጀመረ። በየፎቁ አምስት እርከን ብቻ ነው ያለው። የአገሩ ቅኝት አምስት ድምፅ ስለሆነ ሕንፃውም አምስት ረግጦ ነው የሚወጣው። አንዳርጌ ግን ወጣትነቱን በፒያኖ ተማሪነት ያሳለፈ ሰው ነው፣ እግሩ ሰባት ጠበቀ። ባዶ አየር ረገጠና በአፍጢሙ ተደፋ። ደረጃው ራሱ ደግፎ አነሣው፤ «አይዞህ፣ ባቲ ነኝ፣ ባቲ ነኝ» እያለ ጉልበቱን አራገፈለት።

ኮሪደሩ ላይ የመለማመጃ ክፍሎቹ ተማሪ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። በእውኑ ዓለም እነዚህ ክፍሎች የትም አይሄዱም። አንድ ትልቅ አዳራሽ በኮምፔንሳቶ ስምንት ቦታ ተሸንሽኖ የተሠሩ ናቸው። ሦስት ቁጥር ውስጥ ጥሩምባ ሲነፋ አራት ቁጥር ውስጥ ያለው ዋሽንት ነፊ ይደነግጣል፤ ደህና ድምፅ የሚሰጠው መጸዳጃ ቤቱ ብቻ ስለሆነ የድምፅ ተማሪዎች ተራ ይዘው ይዘፍኑበታል። አንዳርጌ ኮምፔንሳቶው ተነሥቶ የብሎኬት ግድግዳ እንዲሠራ አሥራ አንድ ማመልከቻ ጽፏል። በሕልሙ ሰባት ቁጥር ክፍል አጠገቡ ደርሳ ቀና ብላ አየችው። ሰላም ሊላት እጁን ሲዘረጋ ፊቷን አዙራ ሄደች። እንዳኮረፈች ያስታውቃል።

በአቅራቢያው ባገኘው በር ገባ። ውስጥ አንድ ፒያኖ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ከፊቱ አሥራ አንድ መምህራን በቁመታቸው ተሰልፈዋል። ፒያኖው ጭንቅላታቸውን በየተራ ሲመታ እያንዳንዳቸው ድምፅ ይሰጣሉ። የቲዮሪ መምህሩ ትንሽ ወረድ ብሎ ጮኸ። ፒያኖው ጆሮውን ይዞ ጠምዘዝ አደረገውና ቃኘው። ጥቁር ሰሌዳው ሥር የቆመች አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ አንዳርጌን ስታይ ተቆጣች።

«አንዳርጌ! የቤት ሥራህ የታለ?»

«ምን ነበር የቤት ሥራው?»

«አንድ ስህተት ይዘህ እንድትመጣ ነዋ!»

«እኔ እንኳ ስህተት የለኝም» አለ አንዳርጌ፣ ትንሽ ኮራ ብሎ።

ክፍሉ በሙሉ ከንፈሩን መጠጠ። የቲዮሪ መምህሩ፣ ጆሮው እንደ ቀላ፣ መሐረብ አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ። «ምስኪን» አለ፤ «የሚያስተምረው ሰው አጥቶ ነው ያደገው።»

«ዕውቀትማ ከመጽሐፍም ይለቀማል» አለች ተማሪዋ፤ አሁን ድምፅዋ ለስልሷል። «ስህተት ግን ከሰው ነው የሚወረሰው። ስህተት ከሌለህ አስተማሪ አልነበረህም ማለት ነው። በል ፈተና ክፍል ሂድ፣ ፈታኞቹ የሚያደርጉህን ያድርጉህ።»

ወዲያው ፈተና አዳራሹ ውስጥ ሆነ፤ እንዴት እንደሄደ አያውቅም። መድረኩ ላይ ሦስት መቶ ወንበር ተደርድሯል፣ ለተመልካች የቀረው አንድ ወንበር ነው። ፈታኞቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው መነጽር ያደረገ ፍየል፣ ሁለተኛው ጭራው የተበጠረ አምባላይ ፈረስ፣ ሦስተኛዋ ሥሯን ባልዲ ውስጥ የነከረች የዋንዛ ዛፍ።

«ተቀመጥ» አለው ፍየሉ። «ወድቀሃል። አሁን ፈተናውን እንጀምር።»

«እንዴ! ሳልፈተን?»

«አንተስ ያቺን ልጅ እስክትፈተን ጠብቀህ ነው?»

አንዳርጌ አፈረ። ቶሎ ተጫውቶ ለመገላገል ማሲንቆውን በዓይኑ ፈለገ። ማሲንቆ የለም። ደግሞስ ከየት ይመጣል? ማሲንቆ የሚሠራው ከፍየል ቆዳ፣ ከፈረስ ጭራና ከእንጨት ነው። ፍየሉ ቆዳውን ለብሶታል፣ ፈረሱ በጭራው ዝንብ ያባርርበታል፣ ዋንዛዋም ገና ዛፍ ናት።

«በምን ልጫወት ታዲያ?»

«የእኛን ነገር ከፈለግህ ጠይቀና» አለ ፍየሉ። «ከመጠየቅህ በፊት ደግሞ እስከ ዛሬ ለወሰድከው አመስግን።»

አንዳርጌ ኮቱን ቆለፈ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «በራሴና በትምህርት ክፍሉ ስም፣ ለተደረገልን ቀና ትብብር…»

«ማነው ትምህርት ክፍሉ?» አለ ፍየሉ እያዛጋ። «ብቻህን ና። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሆዴ ላይ ስትፈትግ ኖረህ ዛሬ በትምህርት ክፍሉ ስም? የበላህበትን ወጪት ሰባሪ!»

«የሰውዬው ነገር ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ነው» አለ ፈረሱ።

«በስሜ አትተርቱብኝ ብያለሁ!» ብሎ ፍየሉ ጠረጴዛውን በሰኮናው መታ።

አንዳርጌ የቆለፈውን ኮት ፈታ። ምን እንደሚል አያውቅም ነበር፤ አፉን ሲከፍት ግን ነገሩ በራሱ መጣ። «ክረምት ሲሆን ይረጥባሉ፣ ድምፅዎ ይሰንፋል» አለው ለፍየሉ። «ከሰል አጠገብ አስቀምጬ እስኪሞቁ እጠብቅዎታለሁ። ባለቤቴ፣ ከእኔ ይልቅ ለቆዳ ትጨነቃለህ እያለች ትስቅብኝ ነበር። እዚያ ከሰል ዳር ቁጭ ብዬ፣ አሁን ይሞቃል አሁን ይሞቃል እያልኩ ስጠብቅ፣ ደስ ይለኝ ነበር። ለዚያ ደስታ ማንንም አመስግኜ አላውቅም። እግዜር ይስጥልኝ።»

ፍየሉ መነጽሩን አወለቀ። ከአገጩ ሥር ያለውን ቁልፍ ፈታና ቆዳውን እንደ ኮት አውልቆ ሰጠው።

«እርስዎን ደግሞ» አለ ለፈረሱ፣ «ጭራዎ በተበጠሰ ቁጥር ተሳድቤያለሁ። ሳይበጠስ ላመሸባቸው ሠርጎች ግን አንድ ቀን ትንፍሽ አላልኩም።» ፈረሱ ዞረና አንድ ዘለላ ጭራ መዝዞ ሰጠው። ወደ ዋንዛዋ ሲዞር ምስጋናውን አልጠበቀችም። ቅርንጫፏን ቀድማ አቀብላው ነበር። ዛፍ እንዲህ ነው። እሷን አቅፎ ግንዷን ሳመ።

ማሲንቆው በእጁ ላይ በራሱ ተሠራ፤ ገና ይሞቃል።

«መልካም» አለ ፍየሉ፣ አሁን ብርድ ልብስ ተከናንቧል። «ዕቃው የእኛ ሆነ። ዜማውንስ ማን ሰጠህ?»

«ዜማውንማ ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት» አለ አንዳርጌ። ይህን መልስ ሠላሳ አራት ዓመት ስለተናገረው ሳያስብ ነው የሚወጣው። በመጽሐፉ መቅድምም ላይ ታትሟል።

«ኧረ ተው!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

የሰባት ቁጥር ግድግዳ ነው። ኮምፔንሳቶው ጫፉ ተላልጧል፣ መሐሉ ላይ የድሮ ቀን መቁጠሪያ የተሰቀለበት ሚስማር አለ። እያነከሰ መጥቶ ፈታኞቹ ፊት ቆመ።

«አሥራ አንድ ጊዜ ከሶኛል» አለ ግድግዳው። «ድምፅ ያሳልፋል፣ ይነሣልን ብሎ። ይጠየቅልኝ! ድምፅ ባላሳልፍ ኖሮ እሱ ዛሬ ማን ይሆን ነበር?»

አንዳርጌ መሬት መሬቱን አየ። የሆነውን ከግድግዳው በስተቀር የሚያውቅ የለም ብሎ ነበር የኖረው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ እዚህ ትምህርት ቤት ሲገባ አባቱ፣ «ማሲንቆ ይዘህ ብትመጣ ከደጄ እንዳትደርስ፤ አዝማሪ አልወለድኩም» አሉት። ስለዚህ ፒያኖ ብሎ ተመዘገበ። ሰባት ቁጥር ገብቶ የፒያኖውን ክዳን ሳይከፍት ጆሮውን ኮምፔንሳቶው ላይ ይለጥፋል። ከዚያ ማዶ፣ ስምንት ቁጥር ውስጥ፣ ጋሽ ቢያድግልኝ የሚባሉ አዛውንት ማሲንቆ ያስተምራሉ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሰማ፤ የሰማውንም ማታ ማታ በተዋሰው ማሲንቆ ተደብቆ ይሞክር ነበር። አንድ ቀን በትምህርት ቤቱ በዓል ላይ ማሲንቆ ይዞ ወጥቶ «የቆላው መንገድ»ን ሲጫወት ሰው ጉድ አለ። «ማን አስተማረህ?» ሲሉት፣ በግድግዳ ሰረቅኩ ማለት አፈረና፣ ራሴን በራሴ አለ። ጋሽ ቢያድግልኝ እዚያው ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። ፈገግ ብለው አጨበጨቡ እንጂ አንድ ቃል አልተናገሩም። ካረፉ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ለቅሷቸው ላይ አንዳርጌ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ማንም ሳያየው ወጥቶ ሄደ።

ግድግዳው እንደ በር ተከፈተና ጋሽ ቢያድግልኝ ወንበራቸውን ተሸክመው ገቡ። ወንበሩን አንዳርጌ አጠገብ አድርገው ተቀመጡ።

«ጋሼ» አለ አንዳርጌ። «ሰርቄዎታለሁ።»

«ምኔን?»

«ዜማዎን። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በግድግዳ።»

«ወንበሬን ግድግዳው ሥር ያስጠጋሁት ለምን ይመስልሃል?» አሉ ጋሽ ቢያድግልኝ።

አንዳርጌ ቀና ብሎ አያቸው።

«ከፊቴ አንዲት ተማሪ ተቀምጣ ታዛጋለች። ከኮምፔንሳቶው ኋላ ግን ትንፋሹን ይዞ የሚያዳምጥ ሰው አለ። ይሄኛውስ ሊማር ነው የመጣው ብዬ ወደ አንተ ዞርኩ። ከባድ ቦታ ላይ ሁለቴ ሦስቴ የምደጋግመው ለእሷ መስሎህ ነበር እንዴ? እሷማ፣ ጋሼ ረስተውት ነው እንዴ የሚደግሙት፣ ትለኝ ነበር።»

አንዳርጌ ጉልበታቸው ላይ ወድቆ አለቀሰ። አፍሮ አልነበረም፤ ደስ ብሎት ነበር። ሌባ ነኝ ብሎ ሠላሳ አራት ዓመት ሲሳቀቅ፣ ለካ ተማሪ ነበር። ለካ ሰው ወንበሩን አስጠግቶለታል። «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። አንድ ቀን እንኳ ሳልነግርዎት።» ግድግዳውንም አቅፎ፣ አሥራ አንዱን ማመልከቻ እንደሚያነሣ ማለለት። ግድግዳው የአቧራ ዕንባ አነባ።

«በል አሁን ተጫወትልኝ» አሉት ጋሽ ቢያድግልኝ።

ተጫወተ። እንደዚያን ቀን ተጫውቶ አያውቅም። ፍየሉ በብርድ ልብሱ ውስጥ ትከሻውን መታ፣ ዋንዛዋ ቅጠሏን አራገፈች። ዘጠነኛው ሐረግ ላይ ሲደርስ ደጋኑን አቆመና አረፈ።

«ምነው?» አሉ ጋሽ ቢያድግልኝ። «ምን ሆንክ? አመመህ?»

«ዕረፍቷ ናት፣ ጋሼ።»

«የምን ዕረፍት?»

«እርስዎ እዚህ ጋ ሁልጊዜ ያርፉ ነበር እኮ። ሁለት ምት።»

ጋሽ ቢያድግልኝ ግራ ተጋብተው ግድግዳውን አዩት። ግድግዳው በሚስማሩ መሬት ይጭር ጀመር።

«እኔ…» አለ፤ «እኔ የማሳልፈው ሙዚቃውን ነበር። ሌላ ሌላውን፣ ልጁን እንዳይረብሸው ብዬ አስቀርቼዋለሁ።»

«አውጣው» አሉ።

ግድግዳው ሆዱን ከፈተ። ከሠላሳ አራት ዓመት አቧራ ጋር አንድ ድምፅ ወጥቶ አዳራሹን ሞላው። ሳል ነበር። ኡህ፣ ኡህ። ልክ ሁለት ምት።

«አስም ነበረብኝ እኮ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ቢያድግልኝ።

መጀመሪያ ፈረሱ ሳቀ። ከዚያ ዋንዛዋ ባልዲዋ እስኪፈስ ሳቀች። ጋሽ ቢያድግልኝ ራሳቸው ዕንባቸው እስኪወርድ ስቀው የአንዳርጌን ራስ ዳበሱት። «የወረስከኝ ስህተት ይቺ ብቻ ከሆነች ደህና አስተምሬሃለሁ» አሉት። ፍየሉ መነጽሩን መልሶ አደረገ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ውጤቱን ሊያነብ አፉን ከፈተ። አንዳርጌ ነቃ።

አዳራሹ ጸጥ ብሏል። የሺመቤት በቀኙ፣ አቶ ሙሉሰው በግራው ተቀምጠዋል። ከፊቱ ትርንጎ ማሲንቆዋን ታቅፋ፣ ደጋኗን አየር ላይ አቁማ፣ በከንፈሯ ትቆጥራለች። አንድ፣ ሁለት። ከዚያ ቀጠለች።

«ተማረችልህ!» አለችው የሺመቤት በጆሮው፣ በክርኗ ጎሸም አድርጋ። «አየሃት? አረፈች እኮ!» አቶ ሙሉሰው ከወዲሁ ደስ ብሎት እየጻፈ ነው።

ትርንጎ ዜማውን ጨርሳ ላቧን በነጠላዋ ጠረገች። «ስድስት ወር ሙሉ እሷን ብቻ ነው የተለማመድኩት፣ መምህር» አለች። «አሁን ለምዶብኛል። አገር ቤት ስሄድ አባቴ ይደነግጣሉ። ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ ይሉኛል።»

አንዳርጌ ወደ የሺመቤት ዞረ። የሺመቤት ክራር ከመያዟ በፊት ማሲንቆ ነበር የምትማረው፤ ስምንት ቁጥር ውስጥ፣ ጋሽ ቢያድግልኝ ፊት ለፊት።

«የሺ፣ ጋሽ ቢያድግልኝ እዚህ ቦታ ላይ ያርፉ ነበር?»

«ምን ያርፋሉ፣ ያስሉ ነበር እንጂ» አለች። «ከዚያ በፊት ያለው ቦታ ረጅም ነው፣ ክንዳቸው ሲደክም አስማቸው ይነሣል። ምነው?»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት ስትል ኖረህ! የራስህ ፈጠራ መስሎኛላ። እንዲያውም ስለማረከኝ ለክራር ተማሪዎቼም አስተማርኳት።»

አንዳርጌ ብድግ አለ። ትርንጎ የወደቀች መስሏት ፊቷ ተለዋወጠ።

«ልጄ» አላት። «እግዜር ይስጥልኝ። አባትሽንም እግዜር ይስጥልኝ በያቸው። አሁን እሳቸው እንደሚጫወቱት አድርገሽ እንደገና ተጫወቺልኝ።»

«ዕረፍቷስ፣ መምህር?»

«ተያት። ሳል ናት።»

አቶ ሙሉሰው መጻፉን አቆመ። ብዕሩን እንደያዘ በጣቱ ይቆጥር ጀመር።

«መምህር» አለ በመጨረሻ፣ «እንዲህ ከሆነ እስከ ዛሬ ያስመረቅናቸው ሁለት መቶ ስድሳ ልጆች…»

«አዎ» አለ አንዳርጌ። «ዛሬም በየሠርጉ ቤት ዘጠነኛው ሐረግ ላይ ቆመው፣ ጋሽ ቢያድግልኝ አስለው እስኪጨርሱ እየጠበቁ ነው።»

ትርንጎ ግን አልሰማቻቸውም። ጀምራ ነበር፤ ዘጠነኛውንም አልፋዋለች።